የሌለው ሰዓት ሠሪ

ፍሬሾቹ ያወጡላት ስም «እትዬ ምንጩስ» ነው። ትክክለኛ ስሟ በቢሮዋ በር ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል፤ ግን ማን አንብቦት! ኮሌጅ አዲስ የገባ ልጅ በር ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም፤ «ይግፉ» የሚለውን በር ሲጎትት ነው የሚውለው። እሷም ስሙን ስትሰማ ከመቀየም ይልቅ ወደደችው። «ምን ውሸት አለው? ቀኑን ሙሉ የምለው ይህንኑ አይደል?» ትላለች።

ሥራዋ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች አፈላለግ ማስተማር ነው። አትሳቁ፤ መፈለግም ትምህርት አለው። ልጆቹ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፣ ስህተታቸው ግን አይቀየርም። የምታስተምርበት ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ኮምፒዩተሮቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ የአንዳንዱ ኪቦርድ ፊደሉ ተፍቆ አልቋል፣ ፕሮጀክተሩ ሲሞቅ ያጉረመርማል። በመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ አንዱ ይነሳና መምህሩ የሰጠውን የቤት ሥራ ከነሰላምታው፣ ከነማስጠንቀቂያው መፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ይገለብጠዋል። ከዚያ «እትዬ፣ ምንም የለም ይላል!» ብሎ ይጮኻል።

«ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«ሁሉንም ነዋ! አንድ ቃል አላስቀረሁም።»

«አይ ያንተ ነገር! ሣጥኑ አክስትህ አይደለም፣ ታሪክህን ቁጭ ብሎ አይሰማም። ፍሬ ፍሬውን ቃል ስጠው። በዚያም እንቢ ካለህ በሌላ ስሙ ጥራው። አንተ ‹ድካም› ያልከውን ሌላው ‹ዝለት› ብሎት ይሆናል።»

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ትወስዳቸዋለች። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር እያስነበበች «መጽሐፍ ጎረቤት አለው፤ የፈለጋችሁትን ብታጡት ግራ ቀኙን እዩ» ትላለች። ዋናው ነገር የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ነገር ባነበቡ ቁጥር «ማን አለ? እሱስ በምን አወቀ? ሌላስ ማን ይላል?» እንዲሉ ታለማምዳቸዋለች። አንድ ምንጭ ብቻውን ወሬ ነው፤ ሁለት የማይተዋወቁ ምንጮች አንድ ነገር ሲሉ ነው ጆሮ የሚሰጠው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። በሳምንቱ ራሳቸው ዶሮዋን ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ከነስህተቱ ገልብጦ፣ ያውም የጓደኛውን ስም እላዩ ላይ ረስቶ።

የመጨረሻው ትምህርት ከሁሉም ይከብዳል፤ «አላገኘሁም» ማለት ነው። ልጅ ከታች ክፍል ጀምሮ «አላውቅም» ባለ ቁጥር ሲኮረኮም አድጎ ኮሌጅ ሲደርስ፣ ከማፈር መዋሸት ይቀለዋል። ስለዚህ እትዬ ምንጩስ ወጥመድ ሠራችላቸው። ለየቡድኑ ከምታከፋፍላቸው ጥያቄዎች አንዷ ባዶ ናት። የምትጠይቀው ስለ አንድ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሊቆም የተቃረበን ሰዓት በድምፁ እንዴት መለየት እንደሚቻል ትንሽ መጽሐፍ ጽፏል ይባላል። ሰውየውም የለም፣ መጽሐፉም የለም፤ ከራሷ ነው ያመነጨችው። ስም እንኳ አውጥታለታለች፤ የሌለ ሰው ስም ምን ያደርግላችኋል ብዬ ነው የማልነግራችሁ። «እዚህም እዚያም በዚህ በዚህ መንገድ ፈልገን አላገኘንም» ብሎ የመጣ ቡድን ሙሉ ማርክ ያገኛል። ተረት ይዞ የመጣ ዜሮውን ታቅፎ ይሄዳል።

ለምን ሰዓት ሠሪ እንዳደረገችው ስትጠየቅ፣ ጥያቄውን ስትጽፍ ዓይኗ ግድግዳ ሰዓት ላይ ስላረፈ ነው ትላለች። እኔ ግን አላምናትም። ታላቅ ወንድሟ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ሙያ ይለማመድ ነበር። እሷ ገና ጥርሷን በምትቀይርበት ዕድሜ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከቤት እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆነ። ሞተ ያለም የለ፣ አየሁት ያለም የለ። አባት ሲፈልጉት ሲፈልጉት በሐዘን አለቁ። ቤቱ ውስጥ እናትና ልጅ ቀሩ።

እናትየው አሁን አርጅተዋል፤ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ልባቸውም ደክሟል። ሐኪሙ አንድ ቀን ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ጠራትና «እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ልብ እንዴት እንደሚመታ እኔም አልገባኝም። ምን ይዟቸው እንዳለ እንጃ» አላት። እሷ ግን ታውቃለች። እናትየው ራሳቸው ሳይደብቁ «የልጄን ወሬ ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም» ይላሉ። ማታ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ዛሬስ?» ይሏታል። «ዛሬም የለም፣ እማ» ትላለች። እናትየው ይተክዙና እንደገና ለነገ ይቀመጣሉ።

ይቺ «የለም» ናት እንግዲህ እናቷን ያቆየችላት። ባል አልሆነላትም፣ ልጅ አልሆነላትም፤ ከእናቷ በቀር «ዛሬ እንዴት ዋልሽ» የሚላት ሰው የላትም። ስለዚህ የሰውን ልጅ ሁሉ ፍለጋ የምታስተምር ሴት የገዛ ወንድሟን አንድ ቀን እንኳ ፈልጋ አታውቅም። ብታገኘውስ? የተገኘ ዕለት እናቷ ጥለዋት መሄዳቸው ነው። ይኼን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ኖረች።

ነገሩ የጀመረው በዋዛ ነው። አንድ ዓመት ባዶዋ ጥያቄ የደረሰችው ቡድን ደረቱን ነፍቶ መጣና «ሰዓት ሠሪው ግራኝ ነበር» አለ።

«ምንጩስ?»

«የመጽሔት ክፍሉ ልጅ ነገረን።»

ሳቀች። ሲኒየሮች ናቸው፤ ፍሬሽ ሲያገኙ ይጫወቱበታል። ዜሮዋን ሰጥታ ሸኘቻቸው። ወንድሟም ግራኝ እንደነበር ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ግን ግራኝ በዓለም ላይ ጠፍቶ ነው እንዴ!

በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ልጆች፣ ካለፉት ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተው የማያውቁ፣ መጥተው «ሰዓት ሠሪው ቀኝ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ በልጅነቱ ትኩሳት ይዞት ነው የደነቆረው። ስለዚህ ሰዓቱን በግራ ጆሮው ነበር የሚያዳምጠው» አሏት። ማርከሩ ከእጇ ወደቀ። ያን ትኩሳት፣ ያን ጆሮ ከእሷና ከእናቷ ሌላ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልቀረም።

«ማን ነገራችሁ?»

«የመጽሔት ክፍሉ ልጅ።»

የዚያን ቀን ትምህርቱን አቋርጣ ወጣች። የመጽሔት ክፍል ማለት በመተላለፊያው መጨረሻ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። የተጠረዙ የድሮ ጋዜጦች እስከ ጣራ ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ብርሃን እንጂ መልክ አያሳይም፤ አንድ ጠረጴዛና ፊት ለፊት የተቀመጡ ወንበሮች አሉ። ማንም የለበትም። የወረቀትና የእርጥበት ሽታ ብቻ። ልትመለስ ስትል ጆሮዋን አንድ ነገር ያዛት። እሷ ሥራ ሳትገባ ጀምሮ መሄድ ያቆመው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የግድግዳ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይሄዳል።

ጥበቃውን ጠራችው። ጥበቃው ኮሌጁ ሳይሠራ ጀምሮ በሠፈሩ የኖረ፣ ነገር የማያመልጠው ሽማግሌ ነው።

«ይኼን ሰዓት ማን ሠራው?»

«የቱን? ያንን? ኧረ እትዬ፣ ያ እንኳ ሄዶ አያው...» ብሎ ቀና ሲል ሰዓቱ ሲሄድ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባትሪ እኮ የለውም። እኔ ነኝ ለሬዲዮኔ ያወጣሁት። እንግዲህ ካወቁብኝ አይቀር» አላት።

ሰዓቱን አወረዱት። ጀርባው ባዶ ነው። እጇ ላይ እንዳለ ቀጭ ቀጭ ይላል። ጥበቃው «በስመ አብ!» ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። ስለ ልጁ ስትጠይቀው፣ በበሩ የገባ ሁሉ ቦርሳው ሲፈተሽ እንደሚውልና እሷ የምትለው ዓይነት ልጅ እንዳላለፈ ማለ ተገዘተ። «ምናልባት» አለ ደግሞ እያመነታ፣ «ምናልባት በበሩ ያልገባ እንደሆነ። ይኼ ሁሉ ድሮ ሱቅ ነበር። አሁን የቆምንበት ክርና አዝራር መሸጫ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰዓት ቤቶች። አንድ ሌሊት እሳት ተነስቶ በላቸው፤ ከዚያ ፈረሱ።» ከዚያ ወዲህ ጥበቃው ወደዚያ ክፍል ብቻውን ገብቶ አያውቅም።

እሷም ፈራች። ምን ፈራሽ ብትባል ልጁን አይደለም፤ የእናቷን «ዛሬስ?» ነው የፈራችው። ባዶዋን ጥያቄ ከጥያቄዎቹ መካከል አወጣቻት። በዓመቱ ፍሬሾቹ ሲመጡ ስለ ሰዓት ሠሪ አንድም ቃል አልጠየቀቻቸውም። ተገላገልኩ አለች።

ከነዚያ ፍሬሾች አንዷ ጓደኞቿ «ግትሯ» የሚሏት ናት። ቀጭን፣ ፀጥ ያለች፣ ዓይኗን ግን የማትሰብር ልጅ። ማርክ ቢቀነስባት «ለምን?» ሳትል አትቀመጥም፤ «ለምን» ብላም መልሱን ካልወደደችው አትነሳም። አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ቀረበች።

«እትዬ፣ ሰውም ምንጭ ይሆናል ብለውን የለ?»

«ይሆናል። ማን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንዳነጋገርሽው ከጻፍሽ።»

«ስሙን አልነገረኝም። የመጽሔት ክፍሉ ልጅ ነው። ‹ፍለጋ እየተማርን ነው› ስለው ‹እንግዲያው እናቴን ፈልጊልኝ› አለኝ።»

እትዬ ምንጩስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። 

«ሽማግሌ ነው?»

«ኧረ ምን ሽማግሌ! የኛ እኩያ ነው፤ ጢሙ ገና ሊወጣ ሲል ነው። ሲያወሩት ግራ ጆሮውን ያዞራል።»

«ሲኒየሮች ናቸው የላኩሽ» አለች ቆጣ ብላ። «ንገሪያቸው፣ ይብቃቸው በያቸው!»

«እኔን ማንም አይልከኝም።»

እውነቷን ነው፤ ግትሯን ማን ደፍሮ ይልካታል! ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም። «ማን አለ፣ በምን አወቀ፣ ሌላስ ማን ይላል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ሳይመረምሩ ውሸት ነው ማለት፣ ሳይመረምሩ እውነት ነው ከማለት በምን ይሻላል?»

 እትዬ ምንጩስን የገዛ ትምህርቷ ዞሮ ያዛት። በዚያ ላይ ልጅቷ ልክ ነች። ስለዚህ እንደ ሙያዋ አሰበች። መልሱን እሷ ራሷ የማታውቀውን ጥያቄ መጠየቅ አለባት፤ ልጅቷ ከፊቷ ላይ እንዳታነበው፣ ተንኮለኛም ቢኖር ከአፏ እንዳይነጥቀው። «እንግዲያው ሂጂና ጠይቂው» አለቻት። «ከቤት የወጣህ ዕለት እናትህ በር ላይ ምን አለችህ? በይው።»

ግትሯ በማግስቱ ተመለሰች። ለወትሮው የማትፈራው ልጅ ፊቷ ገርጥቷል።

«‹ጥቁር ክር ግዛና ቶሎ ና አለችኝ› አለ። ከዚያ ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ጥቁሩ አልቋል። ሰማያዊ ይሆናል ወይ ብዬ ልጠይቃት እየተመለስኩ ነው። መንገዱ ግን ጠፋብኝ።›»

«እየተመለስኩ ነው? ነው ያለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ። አሁን ከቤት እንደወጣ ሰው ነው የሚያወራው። ‹ትቆጣኛለች፣ ቆየሁባት› ይላል።»

እትዬ ምንጩስ ስለ ክር ሰምታ አታውቅም። ወንድሟ ያን ጠዋት ወደ ሥራው እንደሄደ ነበር የምታውቀው፤ ሁልጊዜም ሲባል የሰማችው ይኼንኑ ነው። አንድ ምንጭ እጇ ገባ። ሁለተኛ ምንጭ ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እቤት ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ «ዛሬስ?» ለማለት ይጠብቃታል።

ያን ማታ ገና ከመግባቷ «ዛሬስ?» አሏት።

«ዛሬም የለም፣ እማ።»

ይቺን ቃል ስትላት የኖረችው እውነት ስለነበረች ነው። ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸት ሆነች።  በማግስቱም ዋሸች። በሌላውም ቀን ዋሸች፤ ሦስተኛው እንዲያውም ቀለላት፣ ይኼም ራሱ አስደነገጣት። ክፍል ገብታ ማስተማር ስትጀምር፣ አንድ ልጅ ያላነበበውን መጽሐፍ አነበብኩ ብሎ ሲዋሽ ያዘችውና ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ወደ ሰሌዳው ዞረች። ልጁ ሳይቆጡት ሲቀር የባሰ ፈራ።

እሑድ ቀን ለእናቷ ሹራብ አዝራር እየተከለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ «እማ» አለች፣ «ያን ጠዋት ወንድሜ ሲወጣ በር ላይ ምን አልሽው?»

 ቀና ብላ እናቷን አየች። ሞራ የጋረዳቸው ዓይኖች ግድግዳው ላይ ተተክለዋል።

«‹ጥቁር ክር ግዛና ቶሎ ና› አልኩት» አሉ። «ያንቺ የትምህርት ቤት ቀሚስ ተተርትሮ ነበር። ከሥራው በፊት ሮጥ ብሎ ሊያመጣልኝ ነው የወጣው። ለአባትሽ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በክር ልኬው ቀረ ብዬ ለማን እናገራለሁ? ክር እኮ ነው! ክር!»

መርፌው ጣቷን ወጋት፤ አልታወቃትም።

«ማን ነገረሽ?» አሉ እናትየው።

«ማንም... እንዲያው ነው።»

«አትዋሺኝ። ስትዋሺኝ ሰነበትሽ፤ ድምፅሽ ላይ ሰምቼዋለሁ። ተገኘ?»

እዚህ ጋ «አልተገኘም» ብትል ይበቃ ነበር። እናቷ ይተክዛሉ፣ ነገም ይጠብቃሉ፣ ከነገ ወዲያም። ቤቷ ሰው ያለበት ቤት ሆኖ ይቆይላታል። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ከዚያ፣ ለፍሬሽ ዜሮ የምትሰጥበትን ነገር ለእናቷ ልታደርገው አልቻለችም።

«ተገኘ፣ እማ። ግን ምን ሆኖ እንደተገኘ አላውቅም። እኔ አላየሁትም።»

እናትየው አላለቀሱም። ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ ገፈፉና «ጫማዬን አምጪልኝ» አሉ።

«ያለው እኔ ኮሌጅ ነው፤ ዛሬ ዝግ ነው፣ እማ። ነገ።»

«ነገ? ይሁን፤ ነገ። አንድ ቀን ምን አለው!» አሉ። ልጃቸው ግን ሌሊቱን ሁሉ ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ አደረች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በታክሲ መጡ። ጥበቃው አሮጊቷን ሲያይ የማይከፈተውን ሁለተኛውን የበሩን ክፋይ ከፈተ፤ ቦርሳም አልፈተሸ። ግትሯ መተላለፊያው ላይ ትጠብቃቸዋለች። እናትየውን ሳመቻቸውና ወደ እትዬ ምንጩስ ጠጋ ብላ «ዛሬ የለም። ከጠዋት ጀምሮ እያየሁ ነው፤ አልመጣም» አለች በሹክሹክታ። ክፍል ነበራት፤ ተጨነቀች፣ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ እሷም ሆነች ሌላ ፍሬሽ ያን ልጅ ዳግመኛ አላዩትም።

እናትና ልጅ መጽሔት ክፍሉ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር አለ። መስኮቱ ግራጫ ብርሃን ያስገባል፤ ከላይኛው ፎቅ የወንበር መጎተት፣ የተማሪ ሳቅ ይሰማል። እትዬ ምንጩስ የእናቷን እጅ ይዛለች። በልቧ ሁለት ነገር ይሟገታል፤ ይምጣ ትላለች፣ ደግሞ ባይመጣስ ምን አለ ትላለች። ባይመጣ እናቷን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«ያው መጣ» አሉ እናትየው።

በሩ አልተከፈተም። ወንበሩም አልተነቃነቀም። እናትየው ግን ፊታቸውን ቀና አድርገው፣ ሱቅ ልከውት እንደዘገየ ልጅ «ሰማያዊም ይሆናል፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ለዚህ ብለህ ነው እንዴ እንዲህ የቆየኸው? የቀሚስን ጠርዝ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል!»

የእትዬ ምንጩስ ፀጉር ቆመ። መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጠረገች፣ አጠለቀች። ወንበሩ ወንበር ነው። «እማ፣ የት ነው?»

«ከፊትሽ ነዋ! ያ መነጽር ታዲያ ለጌጥ ነው?» አሉና ደግሞ ወደ ወንበሩ ዞሩ። «ምን? እህትህማ ይህችው፤ አጠገቤ።» አዳመጡ። ያን የመሰለ ሳቅ ከእናቷ አፍ ሰምታ አታውቅም፤ የወጣት ሴት ሳቅ ነው። «ይህች እኮ ትልቅ ሴትዮ ናት፤ የኔ እህት የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን ናት ይላል። ሰማሽ?»

አልሰማችም። እንባዋ ወረደ፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ቅናቱ አቃጠላት። ለእሷ ቀሚስ የወጣ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፤ እሷ አታየውም፣ እሱ አያውቃትም።

እናትየው ድንገት ወደ እሷ ዞሩ። «እንሂድ እያለኝ ነው። መንገዱ አሁን ታየኝ ይላል። ምን ትያለሽ?»

ፈቃድ ነው የሚጠይቋት። «ቆዪልኝ» ብትላቸው ይቆያሉ፤ ይህን ያህልማ ታውቃቸዋለች። 

«ሂጂ፣ እማ።»

«ካልሽኝ እቀራለሁ።»

«አይ፣ ሂጂ። ስንት ጊዜ ይጠብቅ? ግን ከመሄድሽ በፊት ንገሪልኝ። ትንሿ እህትህ እኔ ነኝ በይው። አድጌ ነው በይው።»

እናትየው ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል ብለው «ትንሿ እሷው ናት። አድጋ ነው» አሉ። ከዚያ አዳመጡ። ብዙ ነገር ነው የነገራቸው መሰለ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እሺ» አሉ፣ ደግሞ «እነግራታለሁ» አሉ። ፊታቸው በፈገግታ እንደፈካ፣ ያለውን ሊነግሯት ወደ ልጃቸው ዞሩ። አፋቸው ሊናገር እንደተከፈተ ቀረ። እጃቸው በእጇ ውስጥ ከበደ።

«ምን አለ፣ እማ?» አለች። ጠጋ አለች። «እማ፣ ምን አለሽ?»

የሚነግራት አልነበረም።